አንዲት «አ»

እኔ ጸሐፊ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት
ቃለ ጉባኤ ስይዝ፣ ስም ሳሰፍር፣ ስም ስፍቅ፣
ብዕሬ እንጂ ድምፄ ተሰምቶ አያውቅ።

አዳራሻችን ድሮ የምንጣፍ መደብር፣
ሳስካቱን፣ ከባቡሩ ሐዲድ ወዲያ ዳር።
ማሞቂያው ሲነሣ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፤
ጋሽ ላምቦሬ ሲጸልይ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።
ዘጠነኛው አንቀጽ «ሴት ሱሪ አትልበስ» ይላል፤
የበሩ ቴርሞሜትር
ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ይላል።

አሥራ አራተኛው ግን አጭር ነው፣ እንደ ቢላ፦
«የተለየውን ሰው ሰላም አይበሉት።»
ማብራሪያ የለውም ሌላ።

ኤርጫፎን ያስለየው ልጁ ናት፣ ዮካብድ፣
እሑድ ጠዋት ሆኪ፣ ሱሪ ለብሳ፣ በበረድ።
ሦስቴ ተመከረ። ሦስቴም እንዲህ አለ፦
«ግብ ጠባቂ ናት፤ እሷ ከቀረች በሩ ላይ ማን አለ?»
ሽማግሎቹ ዝም። እኔም ዝም ብዬ ጻፍኩ፤
ስሙን ከሰረዝኩ በኋላ እጄን ታጠብኩ።

የወጡት ይሉኛል፦ «እዚያ ምን ትሠራለህ?
ለዘመመ ግድግዳ ቀለም ትቀባለህ?»
እኔም፦ «ከደጅ ቆሞ ቤት የጠረገ ማነው?
መጥረጊያው ያለው ውስጥ ነው።»
እንዲህ እያልኩ፣ እውነት፣ ስንት ዓመት ሳልጠርግ ኖርኩ።

ሕጉ ዳግም ሲታተም፣ የዛሬ ሦስት ክረምት፣
ሌሊት፣ ብቻዬን፣ ማተሚያው ሳይሞቅ ገና፣
አሥራ አራት ላይ ደረስኩ። ጣቴ ዘገየና
አንዲት ፊደል ፋቅኩ።
አንዲት «አ»፣ ባለ ሁለት እግሯን፣
እንደ በር ጠባቂ ከግሱ ፊት የቆመችውን።
ሄደች። ኮቴዋም አልተሰማ።
«የተለየውን ሰው ሰላም ይበሉት።»

መቶ ሃያ ቅጂ። ለየቤቱ አደልኩ።
እሑድን ጠበቅኩ። ነጎድጓድ ጠበቅኩ።
ጋሽ ላምቦሬ ገለጠው፣ መነጽሩን ወለወለ፣
«እንደ ጥንቱ ነው» አለ፣ «ተመስገን» አለ።
ተጸለየበት፣ ተከደነ፣ ከየመደርደሪያው ገባ።
ለካ ሕጋችንን ያነበበው የለም፤
በቃል ነው የሚታወቀው፤ በአንገት ነው የሚጠበቅ።
ወረቀቱ ንስሐ ገባ፤ አንገታችን ቀረ።

የካቲት። መኪና እንደ በቅሎ
በገመድ ታስሮ በሚያድርበት አገር፣
ከገበያው ማቆሚያ ኤርጫፎን አየሁት፦
ኮፈኑን ከፍቶ፣ ባትሪው ሞቶ፣ ገመድ በእጁ፤
ከኋላ ወንበር፣ የራስ ቁሯን አቅፋ፣ ልጁ።
አየኝ። አየኝና ፊቱን ወደ ሞተሩ መለሰ፤
እንዳላፍር አስቦ፣ ኃጢአቴን እሱ ቀነሰ።

እኔም፣ ያ የሌሊቱ ጀግና፣ ያ በስውር አራሚ፣
አለፍኩ።
ጋሪዬን እየገፋሁ፣ ወተትና ሽንኩርት፣ አለፍኩ።
«ሰላም» ጥርሴ ላይ በረደች።
ለካ ያቺ «አ» ከወረቀት የወጣች
ሜዳ ላይ አልቀረችም፤ ሁለት እግሯን ተክላ
ጉሮሮዬ ላይ ቆማለች።

«ከውስጥ ይታደሳል ወይ?» ለምትሉኝ፣
እስቲ መጀመሪያ ንገሩኝ፦ የቱ ውስጥ?

መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። መስታወቱ በትንፋሼ ታወረ።
በጣቴ ጠረግኩት፤ ባየውም አሁንም እዚያው ነበረ።
ነዳሁ። አፍንጫ ለአፍንጫ አቆምኩ።
ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር።
ምንም አልተባባልንም፤ እጃችን ብቻ
አንዱ ለአንዱ ብረት ያቀብላል።
ልጅቷ መስኮት ዝቅ አድርጋ፦
«ከእኛ ጋር አታውራ አልተባልክም እንዴ?»
«ተብዬ ነበር» አልኳት። «ሰላም ነሽ?»
ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ አቃሰተ፣ ዝም አለ።
«ቀዝቅዟል» አለ ኤርጫፎ፣ «ትንሽ እንጠብቀው።»
ቀና ስል፣ ከመዘምራኑ ፀዳለች፣
ከረጢቷን በደረቷ ይዛ፣ ከበረዶው ክምር አጠገብ
ታየናለች፤
አትመጣም፣ አትሄድም።